ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል?

ሰው ሁሉ የሚመካበት ነገር አያጣም። አንዱ በልጁ ይመካል፣ አንዱ በቤቱ ይመካል። አባ ደንቡ የሚመኩት በደንብ ነበር። ዕድሜያቸውን በፖሊስ ጣቢያ አዛዥነት ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ፣ መንገድ በነጩ መስመር የማይሻገር ሰው ካዩ አስቁመው ይመክሩታል፤ ወረፋ የሚያልፍ ካዩማ ጉድ ፈላ! ስሙን የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው ለማሾፍ ነው። እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

አንድ ቀን ጠዋት ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ወደ ለመዱት ሱቅ ቢሄዱ የመስታወቱ በር ተቆልፎ አገኙት። ፊታቸውን አስጠግተው ወደ ውስጥ ሲያዩ መቀሱና ማበጠሪያው በቦታቸው አሉ፤ አቧራ ግን ለብሰዋል። ደንበኞች ተራ የሚጠብቁባቸው ወንበሮች አንድም የሉም።

"ይኼ ሰውዬ ሳይነግረኝ የት ጠፋ?" እያሉ ሲያጉረመርሙ ከኋላቸው "ጋሼ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞር ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ናት። ጠበቃ ናት፤ ፋይል በብብቷ ይዛ፣ ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩትን የፀጉር አስተካካዩን ቤተሰቦች ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር።

"ደህና አደሩ ጋሼ?"

"ይመስገን ልጄ። አንቺም ይህን ሰው ፍለጋ ነው?"

"እኔስ ያለበትን አውቃለሁ። እርስዎ አልሰሙም እንዴ? ከታሰረ እኮ ሰነበተ።"

"ታሰረ? እሱ? ምን አድርጎ?"

"ወንበር አውሶ።"

አባ ደንቡ የምትቀልድ መሰላቸው። እሷ ግን ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። መንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎች ከቦታቸው ሊነሱ መሆኑን ሰምተው ለማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ለመጻፍ ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዩም "ቆማችሁ አትጻፉ" ብሎ ወንበር ሰጣቸው። በማግስቱ "ያልተፈቀደ ስብሰባ አስተናግደሃል" ተብሎ ተወሰደ፤ ወንበሮቹም ማስረጃ ናቸው ተብለው አብረውት ሄዱ።

"እሺ፣ ጥፋትም ይሁን ልማት፣ ዳኛው ምን አለ?" አሉ አባ ደንቡ።

"ዳኛ ፊት አልቀረበም።"

"ይህማ ሊሆን አይችልም!" ብለው በሩን በመዳፋቸው መቱት። "የተያዘ ሰው በሕግ በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። እኔ ጣቢያ ሰዓቱ ያለፈበት ሰው አድሮ አያውቅም። መዝገቡ ይመስክር!"

"እነሱም እንደዚሁ ነው የሚሉት ጋሼ። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ወደ ሌላ ጣቢያ ያዛውሩታል። እዚያም ሊሞላ ሲል ወደ ሌላ። እኔ ፍርድ ቤት አቤት ብዬ መጥሪያ ሲደርሳቸው 'እኛ ዘንድ የለም' ይሉኛል። እውነትም የለም፤ ሄዷል።"

አባ ደንቡ እፎይ አሉ። እንዲያውም ሳቁ። "እንዲያ በዪኝ! ተዛውሮ ነዋ! ሰው ሲዛወር ሰዓቱ ከአዲስ ይጀምራል። ተቀባዩ ጣቢያ የሚቆጥረው ከተረከበበት ጀምሮ ነው። ደንብ ነው እኮ!"

"የት ተጽፏል ጋሼ?"

"እንዴት የት ተጽፏል ትያለሽ? አሠራር ነው። እኔ አዛዥ ሆኜ ስገባም የነበረ ነው።"

ልማድ እንዲህ ነው። ገና በልጅነቱ ማንም "አንተ የማን ነህ?" ሳይለው ካደገ፣ ሲያረጅ የሕግን ካባ ደርቦ ይቀመጥና ሰው ሁሉ ይነሣለታል። አባ ደንቡም ያን ያህል ዘመን የተነሡለት ሽማግሌ ማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም ነበር።

ሁለቱም በአቅራቢያው ካለች ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ጠበቃዋ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነገሩን ከሥሩ ታስረዳቸው ጀመር።

"ጋሼ፣ አገራችን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን ፈርማለች። ሰው ያለ አግባብ እንዳይታሰር፣ የታሰረም ቶሎ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ ሰዎች በሰላም ተሰብስበው እንዲነጋገሩ፤ ይህን ሁሉ አከብራለሁ ብላ ቃል ገብታለች። በየጥቂት ዓመቱም ቃሏን እንዴት እንደ ጠበቀች ለአንድ ኮሚቴ ሪፖርት ታቀርባለች። ኮሚቴው ከየአገሩ በተመረጡ የሕግ ሊቃውንት የቆመ ነው። በሚመጣው ሳምንት ተራው የእኛ ነው። የእኛ የሰብአዊ መብት ማኅበርም በበኩሉ ያየውን ጽፎ ይልካል።"

አባ ደንቡ ሻዩን ሳይቀምሱ አስቀመጡት። "የቤታችንን ገመና ለባዳ ልታወጪ ነው በያ! አንቺ የወንድሜ ልጅ!"

"ገመና የሚሆነው ሲሸሸግ ነው ጋሼ።"

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ሲባል አልሰማሽም? ማን ናቸውና እኛን የሚመረምሩ?"

"አጥሩን ማን ነቀነቀው? በሩን ከፍተን 'ግቡና እዩን' ያልናቸው እኛ ነን። ማንም እጃችንን ጠምዝዞ አላስፈረመንም። የፈረመ ሰው ሲጠየቅ ቢቆጣ እርስዎ ራስዎ ምን ይሉታል?"

"እሺ ይሁን፤ የእነሱስ አገር ንጹሕ ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!"

"የእነሱም አገር ቃል ኪዳኑን ከፈረመ በተራው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ደግሞ የዚያ አገር ሊቅ በምርመራው ውስጥ አይገባም። ይህም ደንብ ነው ጋሼ።"

"ደንብ" የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ትንሽ ለሰለሱ። ስኳራቸውንም ጨምረው ማማሰል ጀመሩ። ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

"ሥልጣናቸውስ የታለ? ወታደር የላቸው፣ ቁልፍ የላቸው። ቢጠይቁ ምን ያመጣሉ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!"

ጠበቃዋ ፈገግ አለች። "እርስዎ አዛዥ ሳሉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ አይመጣም ነበር?"

"ይመጣል እንጂ!"

"ይመጣል ሲባል ምን ታደርጉ ነበር?"

አባ ደንቡ ደስ አላቸው፤ የጥንቱ ወሬ ተነሣ። "ምን የማናደርገው አለ? ግቢውን እናስጠርጋለን፣ መዝገቡን እናስተካክላለን፣ ያላግባብ የተቀመጠ ሰው ካለም..." ብለው አቆሙ።

"ካለም?"

"እንለቀዋለን" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ተቆጣጣሪው ስንቱን በር በእጁ ከፈተ?"

"አንድም።"

"በቃ፣ እነዚህም እንደዚያ ናቸው። የሚጠይቅ ሰው እየመጣ መሆኑን ማወቅ ብቻውን እጅን ወደ ቁልፉ ይሰዳል። ችግሩ ዘንድሮ የመንግሥት ሪፖርት 'ማንም ሰው በአንድ ጣቢያ ከተወሰነው ሰዓት በላይ አይቆይም' ይላል።"

"እውነት ነው!"

"እውነት ነው ጋሼ። ጣቢያው ብዙ ነው፤ ሰውየው ግን አንድ ነው።"

ጠበቃዋም ወደ ዋናው ጉዳይዋ ገባች። "የታሳሪ ቤተሰቦችን ቃል ይዘናል። መንግሥት ግን 'የጥቂት ሰዎች ስህተት ነው' ብሎ ያልፈዋል። ስህተት አይደለም፣ የቆየ አሠራር ነው ብሎ በማዕረጉ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል። እርስዎ ቢናገሩልን..."

"በጭራሽ!" ብለው ብድግ አሉ። "አብሬያቸው በብርድ ያደርኳቸውን ሰዎች ለባዳ አልከስም። የአገር ነገር በአገር ያልቃል። ነገ ራሴ ሄጄ አስፈታዋለሁ፤ ያኔ ታፍሪያለሽ!"

"ኧረ ያሳፍሩኝ ጋሼ!" አለች ጠበቃዋ፤ ከልቧ ነበር።

በማግስቱ አባ ደንቡ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ፀጉር አስተካካዩ ወዳለበት ጣቢያ ሄዱ። የጣቢያው አዛዥ በእሳቸው እጅ የሠለጠነ ወጣት ነው። ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ፣ የራሱንም ወንበር ለቀቀላቸው። አባ ደንቡም "ይኸው፣ ነገሩ አለቀ" ብለው በልባቸው ፎከሩ። እስረኛው ከግቢ ተጠርቶ መጣ። ጢሙ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ እሱ ግን የራሱን ትቶ የሳቸውን አናት ተመለከተ።

"ኧረ ጌታዬ! ይህን ፀጉር ማን እንዲህ አሳደገው?"

"አንተ እዚህ ተቀምጠህ ማን ይቁረጠው!"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ የፀጉር አስተካካዩ ዓይን እንባ ሞላ። "ጌታዬ፣ ጥፋተኛ ነህ ቢሉኝ እንኳ እችለዋለሁ። ግን ዳኛ ይበለኝ። በየጣቢያው ስገባ 'አንተ አዲስ ነህ፣ ገና ነህ' ይሉኛል። እኔ እኮ በእስር ማርጀቴ ነው። ሚስቴ ስንቅ ይዛ በመጣች ቁጥር 'ከዚህ ሄዷል' ትባላለች።"

አባ ደንቡ ወደ ወጣቱ አዛዥ ዞሩ። "ልጄ፣ ይህን ሰው ለምን ዳኛ ፊት አታቀርበውም?"

"ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ የመጣው ትናንት ነው። ሰዓቱ ሳይሞላ ነገ እናዛውረዋለን። አንዳች ደንብ አልጣስንም፤ እርስዎ እንዳስተማሩን ነው የምንሠራው።"

"እኔ?"

"እርስዎ ነዎታ! 'ሰዓቱ ያለፈበት ሰው በእጃችሁ እንዳይገኝ' ይሉን አልነበር?"

ብለዋል። አሳምረው ብለዋል። ያኔ ለማለት የፈለጉት "ለዳኛ አቅርቡ" ይሁን ወይስ "ከእጃችሁ አስወጡ"፣ ራሳቸውም አላስታወሱም። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻ ተስፋቸውን ሞከሩ። "እንግዲያው እኔው ልለምንህ፣ ፍታው።"

ወጣቱ አዛዥ ከልቡ አዘነ። "ብፈታው አለቃዬ 'በማን ትእዛዝ?' ይለኛል። አለቃዬም ቢፈታው እሱን የሚጠይቅ አለ። አዛውራችሁ ለምን ታቆያላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከላይም ከታችም የለም። ሁሉም ጣቢያ እንዲሁ ነው።"

እነሆ፣ የአገር ነገር በአገር ሊያልቅ ያልቻለው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ሰው ስላለ አይደለም፤ ወጣቱ ደግ ነው፣ አባ ደንቡም ደግ ናቸው። ጠያቂ ከሌለ ግን ደግነት ብቻውን በር አይከፍትም። አባ ደንቡ ይህን ከሊቅ አፍ ቢሰሙት ኖሮ ይከራከሩ ነበር። ከገዛ ተማሪያቸው አፍ ስለ ሰሙት ግን ተቀበሉት።

ከጣቢያው ወጥተው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በቀጥታ ወደ ወንድማቸው ልጅ ቢሮ ገብተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና "ጻፊ" አሉ።

"ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ስሜንም ማዕረጌንም አስገቢ። ተቀባይ ጣቢያ ከአዲስ እንደሚቆጥር፣ እኔም እንዲሁ ሳደርግ እንደ ኖርኩ ጻፊ። አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፤ ልጆቹ ክፉ አይደሉም በዪ። የጠየቃቸው የለም በዪ።"

የምርመራው ቀን ደረሰ። የማኅበሩ ጠባብ ክፍል በሰው ተሞልታለች። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ከፊት ተቀምጣለች፤ አቤቱታ የጻፉት ነጋዴዎች በሩ ላይ ተጋፍተው ቆመዋል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ሩቅ አገር ያለው አዳራሽ ይታያል። የመንግሥት ልዑካን በአንድ በኩል ተደርድረው፣ ኮሚቴው በሌላ በኩል። የልዑካኑ መሪ ስለ አዳዲስ ሕጎች ረጅም ንግግር አደረጉ። አባ ደንቡ አንዱን ሳይሰሙ ጉልበታቸውን በጣታቸው ይመቱ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት መነጽር ያደረጉ አዛውንት የኮሚቴ አባል ማይክሮፎናቸውን ከፈቱ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ አስተርጓሚው ይከተላቸዋል። "ስለ ሪፖርታችሁ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ሰው ተይዞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዛወር፣ ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ሰዓት ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? በአገራችሁ በአዛዥነት ያገለገሉ አንድ ሰው ከአዲስ እንደሚቆጠር ነግረውናል።"

በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አባ ደንቡ ዞረ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሡም። የልዑካኑ መሪ ወረቀት ገለጡ፤ ከግራ ሹክ አሏቸው፣ ከቀኝ ብጣሽ ወረቀት አቀበሏቸው። "አዎ ከአዲስ ነው" ቢሉ ሕጋቸውን ማፍረሳቸው ነው፤ "አይደለም" ቢሉ ደግሞ ቃል መግባታቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሕጋችን ግልጽ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። መዛወር ቆጠራውን ከአዲስ አያስጀምርም። ከዚህ የተለየ አሠራር ካለ ይታረማል።"

"ተናገረ!" ብለው አባ ደንቡ ከወንበራቸው ዘለሉ። "በመንግሥት አፍ ተናገረ! ከአፍ የወጣ አፋፍ!" ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ግን ሳትንቀሳቀስ "ባሌ እኮ አሁንም እዚያው ነው" አለች። ጠበቃዋም ትከሻዋን ይዛ "እንግዲህ ሥራው አሁን ጀመረ" አለቻት።

በማግስቱ ጠበቃዋ የልዑካኑን መልስ በጽሑፍ አያይዛ አዲስ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበች። ዳኛዋ አንብበው፣ "ታሳሪው በየትኛውም ጣቢያ ይሁን፣ ያለበት ጣቢያ ያቅርበው፤ 'እኛ ዘንድ የለም' የሚል መልስ አልቀበልም" ብለው አዘዙ። ያ ትእዛዝ ለሁሉም ጣቢያ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ የሚዛወርበት ቦታ አለቀ። ይዞት የቀረበውም ያው ወጣት አዛዥ ነበር።

"መቼ ነው የያዛችሁት?" አሉ ዳኛዋ።

"ክብርት ዳኛ፣ ተመልሶ ወደ ጣቢያችን የመጣው ትናንት ነው።"

"ወደ እናንተ መቼ መጣ አላልኩም። በመንግሥት እጅ መቼ ገባ?"

ወጣቱ አዛዥ ዞሮ አባ ደንቡን አየ። አባ ደንቡ ተጠርተው ቆሙ፤ የሚያውቁትን አንድ በአንድ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ዳኛዋም ሰውየው ከተያዘበት ጀምሮ ሲቆጠር ሰዓቱ ካለፈ መሰንበቱን፣ ወንበር ማዋስም በየትኛውም ሕግ ወንጀል አለመሆኑን ገልጸው ወዲያውኑ እንዲለቀቅ አዘዙ። በዚህ አላበቁም። እየተዛወሩ የቆዩ ሌሎች ታሳሪዎች ሁሉ በማግስቱ እንዲቀርቡላቸው ለየጣቢያው ጻፉ። ሚስቲቱ እልልታዋን ለቀቀችው። የችሎቱ አስከባሪ "ዝም በይ!" ሊል ሲነሣ ዳኛዋ በእጃቸው "ተዋት" አሉት። ባልና ሚስት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ያየ ሁሉ አብሮ አለቀሰ፤ አባ ደንቡም ጭምር።

ውጭ ደረጃው ላይ ወጣቱ አዛዥ ተከተላቸው። ከፍቶታል። "ጌታዬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ባዳ ፈረደብን እኮ!"

አባ ደንቡ እጁን ያዙት። "የለም ልጄ። ባዳ የፈረደው ነገር የለም። ሕጉ የራሳችን ነው፤ መልሱን የሰጠው የራሳችን መንግሥት ነው፤ የፈረደችው የራሳችን ዳኛ ናት፤ የተፈታውም የራሳችን ሰው ነው። የኮሚቴው አባል ከሩቅ ሆነው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሌላውን ሁሉ የሠራነው እኛ ነን። የሚያሳፍረው መጠየቁ አይደለም። የሚያሳፍረው ያን ያህል ዘመን እኔ ሳልጠይቅ መኖሬ ነው።"

"እኔስ አሁን ምን ላድርግ?"

"ጣቢያህ እንደዚህ ያሉ ሌሎች የሉም?"

"አሉ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ያቆምሃል?"

ወጣቱ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ለጣቢያ ሁሉ መመሪያ ወጣ። የተያዘ ሰው በተያዘበት ቅጽበት ይመዘገባል፤ ቢዛወርም ያ የመጀመሪያ ሰዓት አብሮት ይዛወራል። በዚህም ታሳሪ ቀነሰ፤ ክፍሎቹም ሰፉ። እናት ልጇን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ መንከራተቷ ቀረ። ወንጀል የሠራው በማስረጃው ይፈረድበታል፤ ያልሠራው ቤቱ ገብቶ ያድራል። ፖሊሶቹም ሰው የሚደብቁበት ሩጫ ቀርቶላቸው ሌባ የሚፈልጉበት ጊዜ አገኙ። ነጋዴዎቹ ማዘጋጃ ቤት ቀርበው ተሰሙ፤ ግማሹን ፈቀደላቸው፣ ግማሹን ከለከላቸው። የከለከለውን ግን ምክንያቱን ጽፎ ነው፤ እነሱም ተሰብስበው ይግባኝ አሉ፣ ማንም አልታሰረም።

ጠበቃዋ ከድካሟ ልታርፍ ባሰበችበት ሰሞን ግን አባ ደንቡ ቢሮዋ መጡ። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ስሚ እስቲ፣ ታሳሪ ጠበቃዬን ልጥራ ሲል 'ስልኩ ተበላሽቷል' የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው? እኔ ስንቴ እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህንንም ጻፊና ላኪ።"

እሷ ሳቀች። "ጋሼ፣ ኮሚቴው እኛን መልሶ የሚጠይቀው ገና ከስንት ዓመት በኋላ ነው እኮ!"

"ይሁን!" አሉ አባ ደንቡ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። "እነሱ እስኪጠይቁን እኛው እንጠይቃለን።"